በልቻለሁ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

የፋሻ ቀን። እናቴን ደግፌ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ወረፋው የጉድ ነው። ቁስል የምትጠርገው ሲስተር ፋሻውን ፈታች። ከኪሷ የወረቀት ማስመሪያ አውጥታ ለካች። "ያው ነው" አለች። ያው! ባለፈው ሰኞም ያው፣ ከዚያ በፊትም ያው።

እናቴ በረንዳ ላይ ወድቃ ባቷ ተተረተረ፣ አመረቀዘ፣ ሐኪሙ ከፍቶ አጸዳው። ይኸው እስከዛሬ አልገጥም ብሎ አለ። "መድኃኒቱን ይወስዳሉ?" አለች ሲስተር። ትወስዳለች። "ስኳር የለባቸውም፣ አይተናል። ታዲያ ምን ይበላሉ?" እናቴ ቀድማኝ "ሁሉን እበላለሁ ልጄ" አለች። ሁሉን! ሻይና ዳቦ ነው ሁሉ?

ሲስተር ወደኔ ዞረች። ቁስል የሚሞላው በሥጋ ነው፣ ሥጋ የሚሠራው በፕሮቲን ነው፣ ሻይ ሥጋ አይሠራም። "እንቁላል፣ ወተት… ካልተቻለ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ ከዳቦ ወይ ከሩዝ ጋር አድርገሽ። ግን በየቀኑ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። እስከ ህዳር አጋማሽ ካልጠበበ ሐኪሙ ድጋሚ ይከፍተዋል። ከጭኗ ቆዳ ተነስቶ ይለጠፍበታል።

እናቴ ሰማች። ጆሮዋ ሲፈልግ ይሰማል። ታክሲ ውስጥ "እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛ አልተኛም። ከነቁስሌ ቅበሩኝ" አለች። ሹፌሩ በመስታወቱ አየን።

እንቁላል። ከነገ ጀምሮ በቀን ሁለት። ለሷ ብቻ። ለሦስታችንም መግዛት አልችልም፣ እኔና ልጄ ደግሞ ጤነኞች ነን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ባለሱቁ እንቁላሉን እንደ ወርቅ ነው የሚያነሳው። ገና ሳልቀበለው "ከተሰበረ አልቀይርም" አለኝ። ዋጋውን አልጽፈውም፣ ደሜ ይፈላል።

ለቀኑ ደግሞ ምስር ልቀቅል ብዬ ነበር። እናቴ ሞቼ እገኛለሁ አለች። "ለቁስል ምስር? ልጅ ሆኜ የበላሁት ይበቃኛል። እሱ የድሃ ሆድ ማታለያ ነው" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አሁን እኛ ምን ነን? ይሄን በሆዴ ነው ያልኩት። ምስሩን ከነፌስታሉ መደርደሪያ ላይ ወረወርኩት። ሲስተር "ካልተቻለ" ነው ያለችው አይደል? እኔ እችላለሁ።

እንግዲህ ማታ ከሥራ ስገባ እንቁላሉን እጠብሳለሁ፣ ልጄ ሳህኑን ይዛ እናቴ ጋ ትገባለች። እናቴ ጥርሷ ከረገፈ ወዲህ ስትበላ ሰው ሲያያት አትወድም፣ የልጅ ልጇን ብቻ ነው የምታስጠጋው። ባዶ ሳህን ይወጣል። "በላች?" "በላች።" እፎይ።

ለእራት ዳቦው ትንሽ ነበር። "እኔ ሥራ ቦታ በልቻለሁ" አልኳቸው። ያው ሻይ ጠጥቻለሁ… ሻይም ሆድ ይሞላል።

እሁድ፣ ጥቅምት 10

ልጄ የሥራ ምሳሽን ከነገ ጀምሮ እኔ ነኝ የምቋጥርልሽ ብላ ድርቅ አለች። አሥራ አራት ዓመት ሞላኝ ብላ እንደ አሮጊት ታዘኛለች። ይሁን። እንደዛ ከሆነ አንድ ሥራ ቀለለልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ወይ የልጄ ድንች! ከሽንኩርት ጋር ጠብሳ፣ ፍርክስክስ አድርጋ፣ ዳቦ ውስጥ ጠቅጥቃ… ጣቴን ልበላ ነበር። ድንች እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ? ብቻ እንቁላል እንቁላል ይላል። ማታ ስጠይቃት "በዚያው መጥበሻ ነዋ የጠበስኩት" አለች ቀና ሳትል። እውነቷን ነው። ያለን መጥበሻ አንድ።

አርብ፣ ጥቅምት 15

የምሠራበት ማተሚያ ቤት ውስጥ ስለ ፕሮቲን አፍ መክፈት ስህተት ነው። ጡንቻው ሰማኝ።

ጡንቻው የምንለው ወረቀት መቁረጫው ላይ የሚሠራውን ልጅ ነው። ብረት ያነሳል። ሸሚዙ ክንዱ ላይ ሊፈነዳ ነው። የሁሉን ሰው ምሳ እየዞረ ያያል፣ ሰው ዳቦ በሻይ ሲበላ ካየ ሞት ያየ ነው የሚመስለው። እኔ ጥራዝ እየሰፋሁ ለጎረቤቴ ስለ እናቴ ሳወራ ከኋላዬ መጣ።

"እታለም፣ እናትሽ ስንት ኪሎ ናቸው?"

"እናቴ ስንዴ ናት እንዴ በኪሎ የምትጠየቀው?"

አልሳቀም። ለአንድ ኪሎ ይሄን ያህል ግራም፣ ለቁስለኛ ደግሞ ከዚያ በላይ… ጭንቅላቴን አዞረው። በመጨረሻ ከመሳቢያው ቆርቆሮ አወጣ። ክዳኑ ላይ ክንዱ እንደ ጭን የወፈረ ሰውዬ ተስሏል። የፕሮቲን ዱቄት ነው። ተከፍቷል፣ ግማሽ ደርሷል፣ "ለአንቺ ስለሆነ" ብሎ ዋጋ ቀነሰልኝ። ገዛሁት። ምን ላድርግ? ሰኞ ሲስተር ድጋሚ "ያው ነው" ካለችኝ አብዳለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ያው አይደለም። ሰፍቷል።

በየቀኑ እንቁላል እያበላኋት ሰፋ! እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ክንዷን ስይዛት አጥንት ነው የያዝኩት። የት ነው የሚገባው የምትበላው? የት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

የዱቄቱ ነገር። ትናንት በወተት በጠበጥኩት። ሽታው ቫኒላ፣ መልኩ ኖራ። እናቴ አሸተተችና "ይሄ የሰው ነው የከብት?" አለች። በሞቴ፣ አፈር ስሆን ብዬ አጠጣኋት። አንድ ብርጭቆ።

ሆዷ ተላቀቀ። በዚያ እግሯ ሽንት ቤት ተመላለሰች፣ እኔ ከኋላዋ። ስትመለስ "ገደልሽኝ" ትላለች፣ ስትሄድ "ገደልሽኝ" ትላለች።

ዛሬ ቆርቆሮውን ጡንቻው ጠረጴዛ ላይ ጓ አድርጌ አስቀመጥኩለት። "ሰውነታቸው አልለመደውም ማለት ነው" አለኝ። የኔም ሰውነት አንተን አልለመደም አልኩት። ገንዘቤን አልመለሰልኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ድመቷን ጠረጠርኩ። የጎረቤት ናት፣ በእናቴ መስኮት እንደ ቤቷ ትገባለች። ሰሞኑን ወፍራለች። እናቴ ደግሞ ለእንስሳ ሆዷ አይችልም። እንቁላሌን ድመት ነው የሚበላው! በመጥረጊያ አባረርኳት፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ሳህኑን ራሴ ይዤ ገባሁና በሩ ላይ ቆምኩ።

"ዛሬ እኔ እያየሁ ነው የምትበዪው።"

"እስረኛ ነኝ?"

"አዎ።"

በላች። እያንዳንዷን ጉንጭ አኝካ፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል፣ ሳህኑን በዳቦ ጠርጋ። ልጄ ከኋላዬ ቆማ የጣቷን ጥፍር ትበላለች። አፈርኩ። ይቺን ምስኪን ድመት በከንቱ… እናቴን ደግሞ እንደ ሌባ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ከነገ ጀምሮ ሳህኑን መልሳ ልጄ ትወስዳለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሲስተር ለካች። ማስመሪያውን ወረወረችው ማለት ይቻላል። "በቀን ሁለት እንቁላል በልተው እንዲህ አይሆንም ነበር" አለች።

"ትዋሻለሽ ነው የምትዪኝ?"

"አላልኩም።"

ብላለች። ለህዳር 16 ከሐኪሙ ጋር ቀጠሮ ጻፈችልን። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ አራት አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። አላነበበችውም።

ስንወጣ ደግሞ ሲስተር ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "አንቺ ግን አምሮብሻል፣ ወዝሽ ተመልሷል።" አለቃችን ፎርማኑም ሰሞኑን እንደዚሁ ነው ያለኝ። እሱስ ይበል፣ መስከረም ላይ ሥራ ላይ ራሴን ስቼ ስወድቅ ያነሳኝ እሱ ነው። እውነትም አሁን አያዞረኝም። እናቴ ትከሳለች፣ እኔ እወዛለሁ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ እኔ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

ምሳ ሰዓት። ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ። ጡንቻው ማኩረፌን ከምንም ሳይቆጥር አንገቱን አስግጎ "ጎሽ! እንደሱ ነው!" አለኝ።

"ምኑ?"

"እንቁላሉ።"

"ድንች ነው።"

"እታለም፣ እኔን ነው የምታሞኚኝ? ዓይኔን ታስሬ በጠረኑ እለየዋለሁ።"

ድንች ነው፣ አይደለም፣ ነው… ሰው ሁሉ ምሳውን ትቶ ወደኛ ዞረ። ጡንቻው ሹካዬን ቀማኝና ዳቦውን ከፍቶ ድንቹን መፈልፈል ጀመረ። ነጯን ፍርፋሪ በአንድ በኩል፣ ቢጫዋን በአንድ በኩል። እንዲህ ተጠንቅቆ ወረቀት ቆርጦ አያውቅም። ክዳኑ ላይ ቁልል ሠራ። "ይኸው። የሁለት እንቁላል ነው። ግማሽም አይጎድል።"

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሁለት… ማታ የጠበስኩት ሁለት።

ፎርማኑን አስፈቅጄ ወጣሁ። በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም። ቤት ስገባ ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ለእናቴ ጮክ ብላ ታነባለች። ምሳ ዕቃውን አልጋው ላይ አስቀመጥኩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ልጄ መጽሐፉን ዘጋች። እናቴ አየችው፣ ከዚያ ልጅቷን አየቻት።

"አልበላሽውም?" አለቻት። "ጥናቴን ስጨርስ እበላዋለሁ ብለሽ አይደል የምትወስጂው?"

"አንቺስ?" አልኳት እናቴን። "አንቺስ አልበላሽውም?"

"እሷ እያደገች ነው። ደረቷ ሰሌዳ መስሏል። እኔ ያለቀልኝ አሮጊት የልጅ አፍ እያየኝ እንቁላል ልዋጥ? አይወርድልኝም። እዚህ ነው የሚቆመው" ብላ ጉሮሮዋን ያዘች።

"እግርሽ ሊከፈት ነው! ቆዳሽን ሊልጡት ነው!"

"ይላጥ!"

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ውሸታሞች ማለቴን አስታውሳለሁ። ሁለታችሁም ውሸታሞች፣ እኔ ጣቴን በመርፌ እየወጋሁ የማመጣውን… ያኔ ልጄ ብድግ አለች። ቁመቷ እኔን አክሏል ለካ።

"አንቺስ?" አለችኝ።

"እኔ ምን አደረግኩ?"

"መስከረም ላይ ስትወድቂ ፎርማኑ የደወለው ለኔ ነው። 'እናትሽ ምንም አትበላም እንዴ?' ነው ያለኝ። ማታ ማታ 'ሥራ ቦታ በልቻለሁ' ትያለሽ። አጠገብሽ ነው የምተኛው እኮ እማ! ሆድሽ ሲጮህ እሰማለሁ። አንቺ ከወደቅሽ ለእማማ እንቁላል የሚገዛው ማነው? እኔ?"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እናቴ ቀስ ብላ "ወድቀሽ ነበር?" አለችኝ። አልነገርኳትም ነበር። ወደኔ እጇን ዘረጋች። ተቀመጥኩና አለቀስኩ፣ በንዴት። እናቴም፣ ልጄም። አልጋው ላይ ሦስታችን፣ መሃላችን ያ የተረገመ እንቁላል። ቀዝቅዞ ነበር። በመጨረሻ ማንም አልበላውም፣ ድመቷ ወሰደችው።

አርብ፣ ጥቅምት 29

አኩርፈናል። ሦስታችንም። እኔ ከሁሉ የባሰ።

መርፌ ይዤ ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። እንቁላል ሳህን ላይ ለብቻው ይቀመጣል። ይታያል። ከታየ እኛ ቤት ለሌላ ይሰጣል። ሥጋም ብገዛ ያው፣ አሳም ያው፣ ወርቅም ባበላቸው ያው ነው። ማንም ለማንም ሊያነሳው የማይችል ነገር ነው የሚያስፈልገን። ከየት ይመጣል?

እሁድ፣ ህዳር 1

ከመደርደሪያ መጣ። ያ የወረወርኩት ምስር።

ጠዋት አወረድኩት። ከሩዝ ጋር አንድ ድስት ውስጥ፣ ምስሩ ፍርስ እስኪል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም። ሊወጣ ሲል ሁለቱን እንቁላል መትቼ ጨመርኩና አማሰልኩት፣ ማማሰል ነው! ክር ክር ብሎ ጠፋ። ይሄን ለይተህ ለልጅ ስጥ ቢባል ጡንቻውም በሹካው አይችልም። ለአንድ ሰው እንቁላል ስገዛበት የነበረው ብር ለሦስታችን ምስርና ባቄላ ገዝቶ ይተርፋል። ሲስተር የመጀመሪያው ቀን ነግራኝ ነበር እኮ! እኔ ግን ከ"እንቁላል" በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ጆሮዬም እንደ እናቴ ነው።

አንድ ትሪ። እናቴ አልጋ ላይ፣ ትሪው ጭኗ ላይ። "ምስር ነው" አለች አፍንጫዋን ነፍታ።

"ነው።"

"አልበላም።"

ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እማማ ካልበላች አልበላም።" እኔም አስቀመጥኩ። ተፋጠጥን። ድስቱ ይቀዘቅዛል። እናቴ ከሁላችን ግትር ናት፣ የኔን ሆድ ግን አልቻለችውም። ጮኸ። በደንብ ነው የጮኸው። እናቴ "ኧረ በሞቴ!" አለችና የመጀመሪያውን ማንኪያ አነሳች፣ ወደ አፌ። አፌን ዘጋሁ። ዞረና ወደ ራሷ አፍ ገባ።

"ጨው ይጎድለዋል" አለች። ጨረስነው ግን።

ሐሙስ፣ ህዳር 5

ባቄላ ከዳቦ። ሆዳችን ነፋ። ልጄ ትምህርት ቤት አፍራ ዋለች። ሲስተርን በስልክ ጠየቅኳት፣ "ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፣ ውሃውን ድፊው፣ በአዲስ ውሃ ቀቅይ" አለች። ይሄን መጀመሪያ አይናገሩም!

ሰኞ፣ ህዳር 9

ጠበበ! ትንሽ፣ የትንሽ ጣቴ ጥፍር ያህል። ሲስተር ሁለቴ ለካችው። "ምን ሰጠሻቸው?" ስትለኝ እናቴ ቀደመችኝ። "ምስር ነዋ፣ ልጄ። ምስር የመሰለ ነገር አለ?" አንገቷን ማነቅ ነው ያማረኝ።

ጠዋት ጠዋት የተፈጨ ኦቾሎኒ ገንፎው ውስጥ እናማስላለን። እሱም አይለይም። እናቴ ሰልችቶኛል እያለች ትበላለች። እኔም ሰልችቶኛል። ምስር በህልሜ መጣ።

ሰኞ፣ ህዳር 16

ሐኪሙ። እናቴ ያቺን አራት የታጠፈች ወረቀት ከጡቷ ሥር አውጥታ ሰጠችው፣ በላብ ርሳ ነበር። ወረቀቷን በሁለት ጣቱ ይዞ ቁስሉን አየ፣ ጫን ጫን አደረገው። "ዳሩ ቀልቷል፣ ከሥር እየሞላ ነው። አልከፍተውም። በዚሁ ቀጥሉ" አለና ቀጣዩን ጠራ። በቃ። ለዚህች አንዲት አረፍተ ነገር ነው እንግዲህ እንዲያ የተቃጠልኩት! ኮሪደሩ ላይ እናቴ ክንዴን ይዛ ቆመች። "አልተኛም አላልኩሽም?" አለችኝ። እሷ ያደረገችው አስመስላ። ክንዴን ግን አልለቀቀችውም።

ስንመለስ ባለሱቁ ጋ ገባሁና ሦስት እንቁላል ገዛሁ። ዛሬ ብቻ። የተቀቀለ፣ ሳይፈረፈር፣ ለየብቻው። ልጄ "እማ፣ ተይ፣ እናውቃቸዋለን እኮ" አለችኝ። እንፈተን አልኳት።

እናቴ ማኘክ ስለምትቸገር የሷን በጥራዝ መስፊያ ክር ሸነሸንኩላት። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን። እኔ የኔን፣ ልጄ የሷን። ጎንበስ ብዬ ቀና ስል የእናቴ ሳህን ባዶ ነው። ቶሎ ነው ያለቀው። በጣም ቶሎ።

"እማዬ?"

"በልቻለሁ።"

እኔና ልጄ ተያየን። ትራሱን አነሳሁ፣ የለም። ልጄ መስኮቱን አየች፣ ዝግ ነው። ድመቷም የለችም።

"እማማ፣ አፍሽን ክፈቺ" አለች ልጄ።

እናቴ ልትቆጣ ነበር። ከዚያ ተወችው። እንደ ሕፃን ዓይኗን ጨፍና "አአአ" አለች። ድዷ ላይ ቢጫ ቢጫ ነገር ተለጥፏል። በልታለች።

ዓይኗን ገለጠችና ሳህኖቻችንን አየች። ባዶ ናቸው፣ እሷ ግን አላመነችም።

"አሁን ደግሞ እናንተ" አለች።

ሁለታችንም አፋችንን ከፈትንላት።